የእትዬ አልማዝ መጋረጃና የናቲ አሳማዎች

ባለፈው ሰሞን ዕቃ ስናስተካክል የአባቴ አሮጌ ላፕቶፕ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጣ። ይነሳ ይሆን ብዬ ሰካሁት። ተነሳ! ማራገቢያው እንደ ድሮው አጉረመረመ፤ ትንሽ ቆይቶም ከጎኑ ያ ሽታ መጣ፤ የጋለ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ። ሌላ ሰው ቢሆን "ኧረ ሊቃጠል ነው፣ ንቀይው!" ይል ነበር። እኔ ግን ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አፍንጫዬን አስጠግቼ ማግኩት። ያ ሽታ ለእኔ የኮቪዱ ዊንተር ነው፤ ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ወንድሜ ናቲ፣ የናቲ አሳማዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እትዬ አልማዝ።

እትዬ አልማዝ የእናቴ አክስት ናቸው። በሱዳን በኩል አሜሪካ ገብተው፣ ስንት ዘመን ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው፣ በዚያ አንሶላ ቤት የገዙ ሴት። ባል ፈትተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ሰው አይፈሩም። እኛ በዲቪ ስንመጣ "ይሄ ሁሉ ክፍል ባዶውን እያለ አፓርትመንት ፍለጋ ስትሉ እንዳልሰማ" ብለው ፎቁን ለቀቁልን። አገሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እናቴም እኔም እትዬ ነው የምንላቸው።

አባዬ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር፣ ዕቃ የሚታሸግበት ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠራል፤ ቀን ይተኛል። እማዬ እዚያው አካባቢ ሌላ ዌርሃውስ ጠዋት ትገባለች። ትምህርት በላፕቶፕ ስለነበር ቀን ቀን ቤት ውስጥ የምንነቃው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እትዬ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ እኔና የሰባት ዓመቱ ናቲ። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ አባታችሁ ተኝቷል! ሳል የመጣበት ሰው ቤዝመንት ወርዶ ነው የሚያስለው። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። ጌማችንም ድምፅ የለውም።

ናቲ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። እትዬ "ሾርባህን ጨርስ" ሲሉት "አይም ፉል" ይላል።

"ምን አለ?" ይሉኛል ወደ እኔ ዞረው።

"ጠግቤያለሁ ነው የሚለው።"

"ጠግቤያለሁ ማለት ከብዶት ነው? ድንቄም ፈረንጅ!" ይላሉ። ቀጥሎ ግን ሾርባውን ራሳቸው ያጎርሱታል።

የዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በተራ ነበር። ስም ይሰጣል፣ ጥቂት ሰው ይገባል፣ አረጋውያን ደግሞ ቤታችሁ ቆዩ ተብለዋል። እትዬ ስኳር አለባቸው፤ ስለዚህ እማዬ "አይታሰብም" ብላ ከልክላቸዋለች። እሑድ እሑድ ስልካቸውን ቡፌው ላይ አቁመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቆመው ነው ቅዳሴ የሚከታተሉት። ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ እኛንም ያስወልቁናል። ናቲ "ኢትስ ጀስት ኤ ፎን!" ብሎ ሲከራከር በጆሮው ይዘው ካልሲውን ጭምር አስወለቁት። ቅዳሴው ሲያልቅ ስልኩን ይስሙና ሶፋው ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ብዙ ሰዓት አይናገሩም። እኔ የማልወደው ያን ዝምታ ነበር። ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ፣ ዝምታቸውን ግን አልለመድኩም።

ድሮ እሑድ ከሰዓት መጋረጃ ይሰፉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃ ከቀዩ ከፋይ አንስቶ እስከ ወርቃማው ክር እሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ቤዝመንት ውስጥ የስፌት መኪናቸው አለ። ከመኪናዋ ሥር ደግሞ የተጀመረ መጋረጃ ተቀምጧል፤ መስቀሉ ግማሽ ድረስ ተጠልፎ ክሩ ተንጠልጥሏል። "ለምን አይጨርሱትም?" ስላቸው "ደጁ ተዘግቶ ለማን ብዬ?" አሉኝ። እውነት መሰለኝ። ልጅ አይደለሁ? ትልቅ ሰው ያለውን ሁሉ አምናለሁ።

እንግዲህ ጌሙ። ሁሉ ነገር በጡብ በጡብ የሚሠራበት ዓለም ነው፤ ዛፉም፣ ደመናውም፣ ላሙም ባለ አራት ማዕዘን። እያፈረሱ መገንባት ነው። እኔና ናቲ አንድ ዓለም ነበረን፤ በአባዬ ላፕቶፕ በተራ እንጫወታለን፤ ተራ የሚጠብቀው ያለቅሳል። በኅዳር አካባቢ ፓክ የሚባለውን ነገር አገኘሁ። ፓክ ዓለሙን አይነካም፤ ልብሱን ነው የሚቀይርለት። የተሠራው ቤት እንደተሠራ ነው፣ ወንዙም በቦታው ነው። ፓኩ ሲጫንበት ግን እንደ ጭቃ ይታይ የነበረው ድንጋይ ስንጥቁ ይወጣል፣ ቅጠሉ ይለያል፣ ውሃው ሥር ያለው አሸዋ ይታያል። መጀመሪያ የጫንኩት ቀን ላፕቶፑ ጮኸ፣ ጋለ፣ ሸተተ። ናቲ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ዋው" አለ በሹክሹክታ። አባዬ ተኝቷላ።

ፓኩን ከፍቼ ስበረብረው ለእያንዳንዱ የጡብ ዓይነት አንዳንድ ትንንሽ ሥዕል አለው። ሥዕሏን ከቀየርኳት የዚያ ጡብ መልክ ባለበት ሁሉ ይቀየራል። "ባለበት ሁሉ" የሚለውን ነገር ግን ልብ አላልኩትም። የእኔ ልብ ሌላ ጋ ነበር፤ ለእትዬ ለገና ቤተ ክርስቲያን ልሠራላቸው ነው! መሄድ ካልቻሉ እኔ ሳሎን ድረስ አመጣላቸዋለሁ። በሰው አእምሮ ከዚህ የበለጠ ሐሳብ መጥቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ምሳችን ምስርና ጎመን ነው። እኔ በአንድ እጄ እየጎረስኩ በሌላው እገነባለሁ። ክቡን ግድግዳ ከጡብ ማክበብ አበሳ ነው፤ አራት ማዕዘን ነገር አይከብም። አፈረስኩት፣ ደገምኩት። ጉልላቱ ላይ መስቀል አቆምኩ። ለውስጡ ቢጫውን ጡብ መረጥኩና ማታ እማዬ ስትመለስ ስልኳን ይዤ ቤዝመንት ወረድኩ። ያንን ግማሽ መጋረጃ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ አሳነስኩት፣ የጎደለውን የመስቀል ክንድ ራሴ በቀለም ሞላሁ፣ በቢጫው ጡብ ሥዕል ቦታ አስገባሁት። ጌሙን ስከፍት ግድግዳው በሙሉ የእትዬ ጥልፍ ሆኗል። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

የገና ሰሞን አንድ ከሰዓት ላፕቶፑን በገመድ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁና ጠራኋቸው። "ምንድን ነው?" አሉ።

"ይቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ነው።"

ቤተ ክርስቲያን ስል ተነስተው ነጠላቸውን አመጡ። ጫማቸውንም አወለቁ። ያን ጊዜ ትንሽ ፈራሁ፤ ነገሩ ከጌምነት አለፈብኝ።

በበሩ አስገባኋቸው። እያንዳንዱን እነግራቸዋለሁ፤ ይሄ ደጀ ሰላሙ ነው፣ ይሄ የሴቶች በር ነው፣ አሁን ወደ ውስጥ ልንገባ ነው። "መጋረጃው የእርስዎ ነው። ፎቶ አንስቼ ነው" አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ አባዬን ላለመቀስቀስ፣ በትንሹ እልል አሉ። "እሰይ የእኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ። እኔ በደስታ ሰክሬ "ውጪውን ደግሞ ላሳይዎት" ብዬ ወጣሁ፤ ኮረብታውን ዞርኩ።

ከኮረብታው ጀርባ የናቲ የአሳማ በረት አለ። ናቲ በዚያ ዓለም ከሁሉ የሚወደው አሳማ ነው፤ ሮዝ፣ ድብልብል፣ አርባ ይሁን ሃምሳ እንጃ፣ አርብቶ አርብቶ ሞልቷቸዋል። የበረቱን ወለል በምን እንዳነጠፈው አላስታወስኩም ነበር። ቢጫ ጡብ ነዋ! እንዳይነዘንዘኝ ብዬ ራሴ ነኝ የሰጠሁት። አሁን ያ ሁሉ ወለል በእትዬ መጋረጃ ተሸፍኗል። መስቀል፣ መስቀል፣ መስቀል፤ ከላዩ ላይ አሳማ ቆሟል። አንዱ ተኝቶበታል። በጾም!

"ይሄስ?" አሉ እትዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል ብለው። "ውጪውንም ጠልፈሽዋል?"

ወደ ኮረብታው ለመመለስ ቁልፉን እጫን ጀመር።

"እነዚህ ወዲህ ወዲያ የሚሉት ምእመናኑ ናቸው?"

"ኖ! ዶዝ አር ማይ..." ብሎ ናቲ ሲጀምር አፉን በእጄ ያዝኩት።

"እሰይ" አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። "ሞልቷል። የእኛስ ደጅ መቼ ይሆን እንዲህ የሚሞላ።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ሦስቴ አማተቡ።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። በዚያ ቀን የገባኝ እንዲህ ነው፦ እትዬ አይተዋል፤ ግን ሕፃን ናት ብለው፣ ጾም ነው ብለው፣ ምረውኛል። እሳቸው፣ ለስልክ ካልሲ የሚያስወልቁት፣ ምረውኛል። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት መጣ እያልኩ ስገረም ሰነበትኩ። የበረቱን ወለል ነቅዬ ጭቃ አነጠፍኩበት፤ ናቲ አለቀሰ። ቁጣው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ አልመጣም። እንዲያውም ለእማዬ "ልጅሽ እኮ ቤተ ክርስቲያን ተከለች፣ ሰዉ ግጥም ብሏል" ብለው ነገሯት። ይሄ ምሕረት በዛብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጠርጠር ጀመርኩ።

መጠርጠር ከጀመርኩ በኋላማ ሁሉ ነገር ይታየኝ ጀመር። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው አፍ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲሞላ በጣታቸው ነው የሚያውቁት። ማይክሮዌቩ ቁልፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈዋል። ስልክ ሲደወል ስሙ እዚያው ተጽፎ እያለ "ማን ልበል?" ይላሉ። ለናቲ የቤት ሥራ "ጎበዝ፣ ጥሩ ነው" ሲሉ ወረቀቱ ተዘቅዝቋል። ሁሌም እንዲህ ነበሩ እኮ! እኔ ግን ትልቅ ሰው ሲሆኑ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ዓለማችንን ያለ ፓኩ ከፈትኩ፤ ሁሉ ነገር ድብልቅልቅ፣ ሻካራ። ከዚያ ፓኩን ጫንኩበት። ናቲ ቢሆን ጮኾ ይዘል ነበር።

"የትኛው ይበልጣል?" አልኳቸው።

"ሁለቱም ያምራል።"

"አይ፣ አንዱን ይምረጡ።"

"ያው ነው ስልሽ! ምን ያደርቅሻል?"

"እትዬ" አልኩ። "አያዩም እንዴ?"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። ወደ ደረጃው ጆሯቸውን አቀኑ፤ አባዬ መተኛቱን ማረጋገጣቸው ነው። እጄን ይዘው ወደ ሶፋው ሳቡኝና "ጭስ ይመስለኛል" አሉኝ። "ሰዉ ሁሉ ጭስ ውስጥ የቆመ ይመስለኛል። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ብትሰማ መኪናዬን ትቀማኛለች፣ ቀጥሎ ሐኪም ጋ ትጎትተኛለች። ሐኪም ደግሞ ቢላውን ይዞ ነው የሚጠብቅ።" ልጅ ሳሉ የአክስታቸው ዓይን እንዲሁ ሞራ ለብሶ ነበር። አንድ መድኃኒት አዋቂ በብረት ነክቶት ጭራሽ ጠፋ፤ አክስታቸው እስኪሞቱ ድረስ እትዬ ነበሩ እየመሩ የሚያስወጧቸው። "ለእኔ ጠበል ይበቃኛል። ደጁ ሲከፈት እጠበላለሁ፣ እድናለሁ። አለቀ።"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ግን ፍርሃት ገባኝ። ማታ እየተነሳሁ ዓይኔን ጨፍኜ ኮሪደሩን በእጄ እየዳበስኩ እሞክረው ነበር። ደጁ ሳይከፈት የእትዬ ዓይን ቢዘጋስ? ማን ቀድሞ ይደርሳል?

ከጥምቀት በኋላ ነገሩ ራሱ ወጣ። እትዬ ወደ ሐበሻ ሱቅ ሊሄዱ ኮሮላቸውን ከጋራዡ ወደ ኋላ ሲያወጡ ግው! የሚል ድምፅ ተሰማ። ናቲ በመስኮት አይቶ "ሺ ሂት ዘ ሜይልቦክስ!" ብሎ ጮኸ፤ የቤቱ ሕግ ተጣሰ፣ አባዬ በፒጃማው ሮጦ ወረደ። የፖስታ ሳጥናችን ከነግንዱ ተጋድሟል። እትዬ ከመኪናው ወርደው ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። "በረዶው አንሸራተተኝ" አሉ።

አባዬ መሬቱን አየ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ እሳቸውን አየ። ምንም ሳይናገር ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደ፤ እሳቸውም ሳይጣሉት ሰጡት። ሳይጣሉ መስጠታቸው ነው ያስለቀሰኝ።

እማዬ እንደሰማች ክሊንተንቪል ሰፈር ያለ የዓይን ክሊኒክ አፖይንትመንት ያዘች። "ለመነጽር ከሆነ እሄዳለሁ" አሉ እትዬ። የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ተባለ። "አንቺ ግቢ፣ እንግሊዝኛውን ካንቺ ውጭ ማን ይችለዋል" አለችኝ እማዬ፤ ራሷ መኪና ውስጥ ቀረች። ሐኪሙ ረጅም ሰውዬ ነው፤ ማስክ ስላደረገ ቅንድቡ ብቻ ነው የሚታየኝ። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙን። አስተርጓሚዋ ጥሩ ሴት ነበረች፤ ሁሉን ግልጽ አድርጋ ነገረቻቸው። የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው። ይወጣል። በምትኩ ንጹሕ ሌንስ ይገባል። እየቆየ ከሄደ ግን ሞራው እየጠነከረ ሥራውን ያከብደዋል፤ ቀኙ ጊዜ የለውም።

"ገብቶኛል" አሉ እትዬ። "አልፈልግም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይው።"

ሐኪሙ ቅንድቡን ሰቀለ። "ኢትስ ኸር ዲሲዥን" አለ። የእሳቸው ውሳኔ ነው ማለቱ ነው። ወጣን።

ቤት ስንደርስ እማዬ ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ በሩን ወርውራ ወደ ፎቅ ወጣች። እኔ ሳሎን ቀረሁ። እትዬ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ያ የእሑዱ ዝምታ መጥቷል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆነሽ?" አሉኝ። "ትንፋሽሽ ተቆጥቷል።"

"ሐኪሙ ያለውን አልሰሙትም።"

"ሰምቼዋለሁ።"

"አልሰሙትም! ዓይንዎን አወጣለሁ አላለም እኮ። እንደ ፓኩ ነው።" ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። "ቤተ ክርስቲያኑን ስሠራልዎት ፓክ ጭኜ ነበር። ፓኩን ሳወጣው ግድግዳው አይነካም፣ ጉልላቱ አይነካም፣ አንድ ጡብ አይወድቅም። ከላይ ያለው ሽፋን ብቻ ነው የሚወጣው። የቆሸሸውን ሥዕል አውጥቼ ንጹሑን አስገባለሁ። ሐኪሙም እሱን ነው የሚያደርገው። ዓይንዎ እዚያው ነው!"

"ስታወጪው ቤቱ አይፈርስም?" አሉ ቀስ ብለው።

"አይፈርስም።"

ሊያምኑኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። "ጌም ሌላ፣ የሰው ዓይን ሌላ። ለኑሮዬ የሚበቃኝን አያለሁ። ያንን ቤተ ክርስቲያንሽንስ አየሁት አይደል? ምእመናኑን ሳይቀር አይቻለሁ።"

እንግዲህ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ ወጣ።

"ምእመናን አልነበሩም።"

"ምን?"

"አሳማዎች ነበሩ። የናቲ አሳማዎች። መጋረጃዎ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ እነሱ ደግሞ ከላዩ ቆመውበት።"

እትዬ ፊታቸው አመድ መሰለ። "በመስቀሉ ላይ?"

"አውቄ አይደለም። ፓኩ ነው፣ ጡቡ ባለበት ሁሉ..."

"እኔ እልል አልኩ?"

"እልል ያሉት ውስጥ ነው። ለአሳማዎቹ... ለአሳማዎቹ አማተቡ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ገደልኳቸው ብዬ ተነስቼ ጉልበታቸውን ያዝኩ። እጃቸውን ሲያነሱ እንባቸው ይወርዳል፤ ግን እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ገንፍሎ ወጣ፤ አባዬ መተኛቱን ረሱት፤ "ደጁ እንዲህ ይሙላ አልኩ! ወይኔ አልማዝ! አሳማ ይሙላ አልኩ!" እያሉ ጭናቸውን መቱ። ናቲ ከደረጃው ላይ "አይ ቶልድ ዩ!" አለ። ስቀው ስቀው ሲደክማቸው ነጠላቸውን ፈልገው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ሳቁም ከፊታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አሳማና ምእመን መለየት ካቃተኝማ" አሉ፣ "ሆኖልኝ ደጁ ቢከፈት ማንን ልሳለም ነው? ጥሪልኝ እናትሽን።"

እማዬ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። እትዬ ግን ከመስማማታቸው በፊት የነፍስ አባታቸው ጋ ይደወል አሉ። አባ በስልክ ሁሉን ሰሙ፤ የአሳማውንም ሳይቀር። ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠረጉ፤ እሳቸውም ሳቃቸውን እየዋጡ እንደነበር ዛሬ ገባኝ። "ወለተ ማርያም" አሏቸው በክርስትና ስማቸው፣ "ጠበሉም የእሱ ነው፣ ሐኪሙም የእሱ ነው። ሂጂ ታከሚ። እኛም ወደ ጸሎታችን።"

የየካቲት በረዶ ጉልበት ድረስ በሆነበት ሳምንት የቀኙ ዓይን ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው የሚነሳው ክሊኒኩ ውስጥ ስለሆነ አላየሁም። እማዬ ትጠብቃለች፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ መስኮቱን በትንፋሼ እያጨለምኩ በጣቴ እከፍታለሁ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የነርሷን ክንድ ይዘው መጡ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ክንዷን ለቀቁ። የበሩን እጀታ ሳይዳብሱ፣ በአንዴ፣ በቀጥታ ያዙት።

ሃይ ስትሪትን ይዘን ወረድን። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አፋቸው አልተዘጋም። "ያ ሰውዬ ማስኩን አገጩ ላይ ነው ያንጠለጠለው! ለአገጩ ነው የፈራ? ይሄ በረዶ እንዲህ ነጭ ነበር? ይሄስ መኪና፣ አንቺ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ቆሸሸ? በዚህ ነው ስታመላልሺኝ የከረምሽው?" እማዬ ትስቃለች፣ እኔ እስቃለሁ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ በርቶ ቆምን።

እትዬ ወደ እማዬ ዞሩ። መነጽራቸውን አወለቁት። "ብርሃን ይከለከላል ተብሏል እኮ" አለች እማዬ። እሳቸው አልሰሟትም።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"ኧረ እትዬ፣ ድሮ ነው።"

ዓይናቸው ከፀጉሯ ወደ መሪው ወረደ። የእማዬ እጆች መሪውን ይዘዋል፤ ጣቶቿ በካርቶን ተሰነጣጥቀው፣ ሁለቱ በፕላስተር ተጠቅልለው፣ ጥፍሯ ሥር ጠቁሮ። እትዬ የቀኝ እጇን ከመሪው ላይ አነሱና ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

"ይሄስ?"

"ሥራ ነው፤ ምንም አይደል።"

"ቁጭ ብዬ ስካን ነው የማደርገው፣ ቀላል ነው ስትዪኝ ነበር።"

የእማዬ ማስክ ከላይ በኩል ረጠበ። እትዬ የተሰነጠቀውን ጣት አንድ በአንድ ዳሰሱት፣ ሳሙት፣ መልሰው መሪው ላይ አስቀመጡላት።

"አንቺም ስትደብቂኝ ነበር በይኛ" አሉ። "ቤት እንግባና እንነጋገራለን።"

እማዬ አልተንቀሳቀሰችም፤ እንባዋ ዓይኗን ጋርዷት ፊት ለፊቷን አታይም። እትዬ ቀና ብለው በንፋስ መስታወቱ አሻግረው አዩ።

"በይ ሂጂ፣ ልጄ፤ አረንጓዴ ሆኗል።"